ከቦሩ ሜዳ እስከ መተማ፦ የአገር ቤት የሃይማኖት ውሳኔ ድንበር ላይ ሲመነዘር

ከደሴ ከተማ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ሲሉ ቦሩ ሜዳን ያገኙታል። ዛሬ አብዛኛው ሰው ስሙን የሚያውቀው በሆስፒታሉ ነው። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ግን በዚህ ሜዳ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ፣ የወሎ ባላባቶችና ብዙ ሊቃውንት ተሰብስበው ነበር። የመጡበት ጉዳይ ሃይማኖት ነው። ከ11 ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ እኚሁ ንጉሠ ነገሥት መተማ ላይ ከሱዳን መሐዲስቶች (በእኛ አጠራር ድርቡሾች) ጋር ሲዋጉ ክፉኛ ቆሰሉ። በማግስቱ አረፉ።

ስለ ቦሩ ሜዳ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ እንደ አገር ውስጥ ጉዳይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚጽፈው ስለ ነገረ መለኮቱ ክርክር ያወራል። የወሎን ታሪክ የሚጽፈው ስለ ግዳጁ ጥምቀት ያወራል። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ደግሞ ጉዳዩን እንደ ውጭ ጉዳይና እንደ ሰላም ፍለጋ ታሪክ ላየው እፈልጋለሁ። የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር። አፄ ዮሐንስ በመጨረሻው ሰዓት ከመሐዲስቶቹ ጋር ሰላም ፈልገዋል። ቃላቸውን ለሌላው ወገን በሚገባው ቋንቋ ሊያደርሱላቸው ይችሉ የነበሩትን ሰዎች ግን ከ11 ዓመት በፊት በገዛ ውሳኔያቸው አስኮርፈዋቸው፣ ከፊሎቹንም አሰድደዋቸው ነበር። እነዚያ ሰዎች የወሎ ሼሆች ናቸው።

ከጉባኤው በፊት የነበረች ወሎ

በሰኔ 1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምባ አመለጡ። የአፄ ቴዎድሮስ ቁጣ ከኋላቸው ነበር። ወደ ሸዋ ለመግባት ደግሞ የግድ ወሎን ማቋረጥ ነበረባቸው። የተቀበሏቸው ሙስሊሟ የወሎ ገዢ ወይዘሮ ወርቂት ናቸው። የወርቂት ልጅ በዚያን ጊዜ መቅደላ ላይ በቴዎድሮስ እጅ ነበር። የክርስቲያኑን ልዑል መልሰው ቢያስረክቡ ለልጃቸው መደራደሪያ ይሆናቸው ነበር። አላደረጉትም። ምኒልክ በሰላም አልፈው ሸዋ ገቡ። ቴዎድሮስም የወርቂትን ልጅ ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር ገደሉት።

ይህን ታሪክ ሳስብ ሁሌም ልቤ ይነካል። አንዲት እናት ይህን ያህል ዋጋ ከፍላለች። በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ግን ምኒልክ የነገሡበት መንገድ ላይ ያለች አንዲት ዐረፍተ ነገር ሆና ትታለፋለች። ለእኔ የምትነግረኝ ከዚያ የሚበልጥ ነገር ነው። የወሎ ሙስሊም መኳንንት ከክርስቲያን ነገሥታት ጋር በቃል፣ በጋብቻና በእንግዳ መቀበል ይዋዋሉ ነበር። ይዋጉም ነበር። ወሎ ጦርነት የማያውቅ አገር ነበረ የሚል ካለ ታሪኩን አላነበበም። ነገር ግን ጠብም ሆነ ዕርቅ በሃይማኖት መስመር ብቻ አይሄድም ነበር።

ታች፣ በሕዝቡ መካከል፣ ሌላም ነገር አለ። በደቡብ ወሎ አባ ጋሮች፣ በራያ ቆቦ በኩል ዘወልዶች ደም የተቃቡ ሰዎችን ያስታርቃሉ። ሼሁም ቄሱም ሽማግሌ ሆነው ይቀመጣሉ። ዱዓ ይደረጋል፣ ይመረቃል፣ ካሳ ይቆረጣል። በወዳጃው፣ ማለትም በጋራ ዱዓው፣ ሥርዓት ላይ ጎረቤት ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ ሲቀመጥ የኖረባቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መሐመድና ገብሬ ወንድማማች ሆነው ማግኘት ለወሎ ሰው አዲስ አይደለም። ይህ ሁሉ የሽምግልና ሀብት ነው። መንግሥት ሊጠቀምበት ይችላል፤ ሊያበላሸውም ይችላል።

ዮሐንስ ምን ፈሩ?

አፄ ዮሐንስን ያለ ፍርሃታቸው ማየት ፍትሕ አይደለም። በዚያን ዘመን የግብፁ ኬዲቭ (ገዢ) ኢስማዒል በኢትዮጵያ ዙሪያ ሁሉ እየገባ ነበር። ምጽዋ በእጁ ናት። በከረን ዙሪያ ያለውን ቦጎስን ይዟል። ሐረርንም ያዘ። በ1868 ዓ.ም. ጦሩን ወደ ደጋው ላከ። የዴንማርክ፣ የስዊዘርላንድና የአሜሪካ መኮንኖች ከጦሩ ጋር ነበሩ። ዮሐንስ ኅዳር ላይ ጉንደት፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ደግሞ ጉራዕ ላይ ድል አደረጉት።

ድሉ ግን ሰላም አላመጣም። ቦጎስም ምጽዋም በግብፅ እጅ ቀሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ዙሪያቸውን ሲያዩ ሙስሊም ኃይል ከቧቸዋል። ወደ ውስጥ ሲያዩ ደግሞ በትግራይና በሸዋ መካከል ወሎ አለች። ገዢዎቿ «ኢማም» የሚባሉ፣ የእስልምና ትምህርት የደመቀባት፣ እነ ዳና የመሳሰሉ የዒልም ማዕከሎች ያሏት አገር። ግብፅ አንድ ቀን ወሎን ብትጠራት ወሎ ትሄዳለች ብለው ሰጉ። በእርሳቸው ቦታ ሆኖ ይህ ስጋት ከየት መጣ ማለት አይቻልም።

ሆኖም ስጋታቸውን ከሆነው ነገር ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት ለግብፅ የሚሠራው ስዊዘርላንዳዊ ሙንዚንገር በአውሳ በኩል ጦር ይዞ ገብቶ ነበር። ሊገናኝ ያሰበው ከማን ጋር ነበር? ከወሎ ኢማሞች ጋር አይደለም። ከሸዋው ክርስቲያን ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ነው። መንገድ ላይ ያጠፉት ደግሞ ሙስሊሞቹ አፋሮች ናቸው። እንግዲህ ሙስሊም ኬዲቭ ክርስቲያን ንጉሥን ሊያግባባ ሲሞክር ሙስሊም ሕዝብ ጦሩን ፈጀው ማለት ነው። በጊዜው የነበረው የታማኝነት ካርታ ከሃይማኖቱ ካርታ ጋር አይገጥምም ነበር። የፖሊሲው ስህተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሃይማኖት የወገን መለያ ተደርጎ ተወሰደ። የዓይን ምስክሩ ግን ተቃራኒውን ይናገር ነበር።

ልቼ እና ቦሩ ሜዳ

መጋቢት 1870 ዓ.ም. ላይ ዮሐንስና ምኒልክ ልቼ ላይ ታረቁ። ሁለት ትልልቅ ሠራዊት ተፋጥጦ ነበር። ካህናት መሀል ገቡ። ምኒልክ በወጉ መሠረት ድንጋይ ተሸክመው ቀረቡ፤ ንጉሠ ነገሥት የሚለውን መጠሪያ ተዉ። ዮሐንስም የሸዋ ንጉሥነታቸውን አጸደቁላቸው። ይህን ያህል ደም ሊያፈስ የነበረ ጠብ በሃይማኖት አባቶች አማላጅነት መብረዱ ራሱን የቻለ ስኬት ነው። ቦሩ ሜዳን የምወቅስ ቢሆንም ልቼን አመሰግናለሁ።

በልቼው ዕርቅ ውስጥ የውጭ ጉዳይም ነበረበት። ምኒልክ በአገራቸው ያሉትን የውጭ ሚሲዮናውያን እንዲያስወጡ ተስማሙ። ከእነዚህ ዋነኛው የካቶሊኩ ጳጳስ ማሳያ፣ በእኛ አጠራር አባ ማስያስ፣ ናቸው። ለምኒልክ ከአውሮፓ ጋር መገናኛ በር ነበሩ። በ1871 ዓ.ም. ተባረሩ። ዮሐንስ ሚሲዮናዊን የሚያዩት እንደ ሰባኪ ብቻ አልነበረም። ከኋላው ቆንስል፣ ከቆንስሉ ኋላ ጦር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። በኋላ ምጽዋ ላይ የሆነውን ስናይ ይህ ግምታቸው ከንቱ አልነበረም።

ከልቼ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ጉባኤው ቦሩ ሜዳ ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ጉዳይ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለረጅም ዘመን የቆየው ስለ ክርስቶስ ልደት የሚደረገው ክርክር ነው። ሁለት ልደት የሚሉት ተዋሕዶዎች በአንድ በኩል፣ ሦስት ልደት የሚሉት የጸጋ ወገኖች በሌላ በኩል ቆሙ። ጸጋ በሸዋ ብዙ ተከታይ ነበረው። ከእስክንድርያ ፓትርያርክ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ። ፍርዱ ለተዋሕዶ ሆነ። የጸጋ ወገኖች እንዲመለሱ ታዘዙ።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙስሊሞቹ ናቸው። ሹመት ያለው ሙስሊም ወይ ይጠመቅ ወይ ሹመቱን ይልቀቅ ተባለ። ለተራው ሙስሊም ሦስት ዓመት፣ በባህላዊ እምነት ላሉት አምስት ዓመት ጊዜ እንደተሰጠ በሰፊው ይነገራል። እምቢ ያለ ርስቱንና ንብረቱን ያጣል። ሁለቱ የወሎ መሪዎች ተጠመቁ። ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና አባታቸው ዮሐንስ ሆኑ፤ የራስነት ማዕረግም አገኙ። ኢማም አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ ክርስትና አባታቸው ምኒልክ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የክርስትና አባትነት በእኛ አገር ተራ ነገር አይደለም። ዝምድና ነው። ንጉሡ ባላባቱን በጥምቀት ዘመድ አደረጉት ማለት ነው። ለሁለቱ ሰዎች ጥሩ የፖለቲካ ስምምነት ነበር። ራስ ሚካኤል ከዚያ በኋላ ረጅም ዕድሜ በሥልጣን ኖሩ፤ የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አገቡ፤ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። ሕዝቡ ግን ክርስትና አባት የሚሆን ንጉሥ አላገኘም። ያገኘው ቀነ ገደብ ነው።

ዕዳው

ውሳኔው ታች ሲደርስ ሰው በሦስት ተከፈለ።

አንዳንዱ ተጠመቀ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ቀን ቤተ ክርስቲያን፣ ማታ ሶላት ላይ እንደነበሩ የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። አንዳንዱ ጦር አነሳ። ከዐመፁ መሪዎች እጅግ የታወቁት የአርጎባው ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ናቸው። ዮሐንስም ምኒልክም በ1870ዎቹ ወሎ ላይ ደጋግመው ዘመቱ። ቤት ተቃጠለ፣ ከብት ተነዳ፣ ሰው አለቀ። ያ ጦር በዚያው ዓመታት ምጽዋ በኩልና ሱዳን በኩል ይፈለግ ነበር።

ሦስተኛው ወገን ተሰደደ። ወደ ሐረር፣ ወደ ጅማ፣ ወደ አርሲ፣ ወደ ጉራጌ አገር፣ እንዲሁም በምዕራብ ወደ መተማ። ከተሰደዱት መካከል ዓሊሞች ነበሩ። በደረሱበት አስተማሩ። ለእስልምና መስፋፋት ከዐዋጁ የተገኘው ውጤት ዮሐንስ ካሰቡት ተቃራኒ ሆነ።

ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገን የመተማው ጉዞ ነው። ያን ጊዜ መተማ የሁለት አገር ነጋዴ የሚገናኝበት ገበያ ነው። አንድ ሼህ ከወሎ ተሰድዶ እዚያ ሲደርስ ለሰው ምን ይናገራል? የደረሰበትን ይናገራል። አምባሳደር ባልነበረበት ዘመን የኢትዮጵያ መንግሥት ለሙስሊም ምን እንደሆነ ለሱዳን ሰው ያስረዳው ይህ ስደተኛ ነው።

በአንጻሩ ያው ንጉሠ ነገሥት ሃይማኖትን ለዲፕሎማሲ በሚገባ ሲጠቀሙ እናያለን። በጥቅምት 1872 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጎርደን የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር መጣ። ዮሐንስ የጠየቁት መሬትና ወደብ ብቻ አልነበረም። ጳጳስ እንዲላክላቸውም ጠየቁ። የኢትዮጵያ ጳጳስ ከእስክንድርያ ነበር የሚመጣው፤ የግብፅ ገዢ ካልፈቀደ ደግሞ አይመጣም። ድርድሩ ፈረሰ። ነገር ግን መልእክተኞች መመላለሳቸውን አላቆሙም፤ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ አራት ጳጳሳት በአንድ ጊዜ መጡ፦ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ማቴዎስ፣ አቡነ ሉቃስና አቡነ ማርቆስ። በጦርነት ላይ ካሉት አገር፣ ሙስሊም ገዢ ካላት አገር፣ በቤተ ክርስቲያን መንገድ የፈለጉትን አገኙ። ይህ ትልቅ የዲፕሎማሲ ችሎታ ነው። ወደ ሱዳን ግን እንዲህ ያለ መንገድ አልነበራቸውም። ሊሆን ይችል የነበረውን በቦሩ ሜዳ ዘግተውታል።

ነጃሺ በሁለት ወገን

በ1873 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ መሐመድ አሕመድ የሚባሉ ሰው «መሐዲው እኔ ነኝ» ብለው ተነሱ። የግብፅን አገዛዝ ገለበጡ። በጥር 1877 ዓ.ም. ኻርቱም ወደቀች። የእኛ ሰዎች ተከታዮቻቸውን ድርቡሽ ይሏቸዋል።

ኢትዮጵያ በዚህ ጠብ ውስጥ የገባችው በ1876 ዓ.ም. በግንቦት መጨረሻ ዓድዋ ላይ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በተፈረመው የሂዌት ውል ነው። ዮሐንስ በመሐዲስቶች የተከበቡ የግብፅ ጦሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ለመርዳት ተስማሙ። በምላሹ ቦጎስ ይመለስላቸዋል፤ ምጽዋም ላይ ዕቃና መሣሪያ በነጻ ያልፍላቸዋል። ንጉሡ ቃላቸውን ጠበቁ። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ ጥር 1877 ዓ.ም. ላይ፣ ኢጣሊያ በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋን ያዘች። በ1878 ዓ.ም. መስከረም ላይ ደግሞ ራስ አሉላ ኩፊት ላይ ድርቡሾችን ወጉ። ዮሐንስ ለሰው ጠላት ብለው ሌላ ጠላት ገዙ፤ ያተረፉት ምንም የለም።

አሁን ወደ ሃይማኖቱ እንመለስ። በሙስሊሙ ዓለም ኢትዮጵያ ሁለት ስም አላት። አንደኛው በ615 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የነቢዩን ተከታዮች ያስጠለለችው፣ ፍትሐዊው ንጉሥ ነጃሺ የነገሡባት አገር ናት። «ሐበሾች ካልነኳችሁ አትንኳቸው» የሚለው ሐዲስም ከዚሁ ጋር ይጠቀሳል። ሁለተኛው ትርጉም ደግሞ ነጃሺ ሰልመዋልና የእርሳቸው ወራሽም መስለም አለበት የሚል ነው። መሐዲው በ1877 ዓ.ም. ለዮሐንስ በላኩት ደብዳቤ የያዙት ይህን ሁለተኛውን ነው። እንደ ነጃሺ እስልምናን ተቀበል አሏቸው። ተተኪያቸው ኸሊፋ አብዱላሂም የገፉት በዚሁ ነው።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም ትርጉሞች በአንድ የሃይማኖት ቅርስ ውስጥ አሉ። የትኛው ያሸንፋል የሚለውን የሚወስነው ጊዜውና ሰዎቹ ናቸው። ለመጀመሪያው ትርጉም የሚከራከር ዓሊም ማስረጃ ያስፈልገዋል። ኢትዮጵያ ዛሬም ሙስሊምን የምታስጠልል አገር ናት ማለት መቻል አለበት። ከቦሩ ሜዳ በኋላ ይህን ማለት የሚችል ሰው ከየት ይመጣል? ወሎን ያዩ ሁሉ መልሱን ያውቁታል።

ነገሩ እየከፋ ሄደ። በጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውኃ ላይ ተሸነፉ። ድርቡሾች ጎንደር ገቡ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ሕዝብ ተማረከ። የጎንደር ቁስል ከወሎ ቁስል አያንስም። ሁለቱንም ያደረሰው ሃይማኖትን ሽፋን ያደረገ ኃይል ነው።

በታኅሣሥ 1881 ዓ.ም. ዮሐንስ ለድርቡሹ የጦር አዛዥ ለሐምዳን አቡ አንጃ ደብዳቤ ላኩ። ይህ ደብዳቤ ለእኔ በዘመኑ ከተጻፉት ሁሉ የላቀ ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ድሃውን በከንቱ አንፍጅ፤ የሁለታችንም ጠላት አውሮፓዊው ነው፤ እኔን ካሸነፈ አንተንም አይምርህም፤ ስለዚህ በአንድነት እንቁምበት፤ ነጋዴዎቻችን ይነግዱ። ንግግሩ ከዘመኑ የቀደመ ነበር። ነገሩም እንዳሉት ሆነ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ እንግሊዞች ኦምዱርማንን ያዙ።

አቡ አንጃ ግን የመለሱት በስድብና በመጀመሪያ እስልምናን ተቀበል በሚል ቃል ነው። ጥር ላይ እሳቸውም ሞቱ። መጋቢት 1 ጦርነቱ ሆነ።

ደብዳቤውን ማን ይዞት ይሂድ?

እዚህ ላይ ነው ወሎ እንደገና የምትመጣው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ውስጥ ከተስፋፉት ጠሪቃዎች (የሱፊ መንገዶች) ሁለቱ ቃዲሪያና ሰማኒያ ናቸው። ሁለቱም ሱዳን ውስጥ ሥር የሰደዱ ናቸው። መሐዲው ራሳቸው ከመነሳታቸው በፊት የሰማኒያ ደረሳ ነበሩ። ስለዚህ በወሎ ዓሊሞችና በሱዳን ዓሊሞች መካከል የጋራ ዚክር፣ የጋራ ኪታብ፣ የጋራ የሼህ ሰንሰለት አለ። አንድ የሰማኒያ ሼህ ከወሎ ተነስቶ ሱዳን ሲገባ ባዕድ አይደለም። ከቤተ መንግሥት የተላከ ክርስቲያን መልእክተኛ የማይገባበት ቤት ይገባል።

ሊቀርብ የሚችለውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ጠንካራም ነው። መሐዲው በኋላ ጠሪቃዎችን ሁሉ ሰርዘዋል። ኸሊፋ አብዱላሂም የሼሆችን ምልጃ የሚሰሙ ሰው አልነበሩም። ሠራዊታቸው ደግሞ ጎንደርን ገብቶ የወጣ፣ ድል የቀመሰ ነው። እንዲህ ያለ ጦር በአንድ ሼህ ቃል ይቆማል ወይ? ምናልባት አይቆምም ነበር። ጦርነቱን ቦሩ ሜዳ ወለደው ብዬም አልከራከርም። የሂዌት ውል፣ የድንበር ወረራና የኸሊፋው የውስጥ ፖለቲካ ለጦርነቱ ከዐዋጁ ይልቅ ቅርብ ናቸው።

የምለው ይህን ነው። የሰላም ደብዳቤ ሲላክ ከደብዳቤው ጋር ተዓማኒነት መላክ አለበት። ዮሐንስ ለአቡ አንጃ «ጠላታችን አንድ ነው» ሲሉ አቡ አንጃ በጎናቸው ያዩት ማንን ነበር? ከእምነቱ ተገፍቶ የመጣውን ኢትዮጵያዊ ሙስሊም ነው። እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉ ሰዎች ከመሐዲስቶቹ ጋር ግንኙነት ፈጥረው ነበር። የአገሪቱ አማላጆች መሆን ይችሉ የነበሩ ሰዎች የጠላት ምስክሮች ሆኑ። ንጉሡ የቀራቸው የደብዳቤው ቃል ብቻ ነው። ቃሉ እውነት ነበር። የሚያምነው ግን አላገኘም።

ሌላም አለ። በዮሐንስ አደባባይ ሙስሊም ሹም ስላልቀረ የወሎ ዓሊም ሱዳን ውስጥ ስለሚባለው ነገር ለንጉሡ የሚነግርበት መንገድ አልነበረም። የመሐዲው ትምህርት ምን እንደሆነ፣ ነጃሺን እንዴት እንደሚተረጉም፣ በሱዳን ዓሊሞች መካከል ማን እንደሚቃወመው ከጠሪቃው ሰዎች በላይ የሚያውቅ በኢትዮጵያ አልነበረም። ኻርቱም ከመውደቋ በፊት ይህ ምክር ቢሰማ የሂዌት ውል በዚያ መልክ ይፈረም ነበር ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። በዚህ ነጥብ የማይስማማ የታሪክ ሰው ይኖራል። እኔ ግን ከወታደራዊው ኪሳራ ይልቅ ይህኛው ይበልጥ ይቆጨኛል።

ከመተማ በኋላ

ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ በወሎ ላይ የነበረው የጥምቀት ግዳጅ ላላ። ብዙው ሕዝብ ወደ እምነቱ ተመለሰ። ሼህ ጦልሃም በኋላ ከመንግሥት ጋር ታርቀዋል። ወሎ እንደገና መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ለጎን የሚታይባት አገር ሆነች።

ከዓድዋ ድል በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት በምኒልክና በኸሊፋ አብዱላሂ መካከል መልእክተኞች ተመላለሱ። ከኦምዱርማን ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም ወደ ኦምዱርማን። ምኒልክ ወደዚያ የላኩት ሙስሊም መልእክተኛ ነበር። መልእክቱ ዮሐንስ በ1881 ከጻፉት ብዙም አይርቅም፤ የአውሮፓ ኃይል ለሁለታችንም አደጋ ነው የሚል ነው። ይህን ጊዜ «መጀመሪያ ስለም» የሚል መልስ አልመጣም። በእርግጥ ጊዜው ተለውጧል። የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ከሰሜን እየገፋ ስለነበር ኸሊፋው ወዳጅ ይፈልጉ ነበር። ምኒልክም ዓድዋን ያሸነፉ ንጉሥ ናቸው። ሁሉንም በሃይማኖት ፖሊሲው ለውጥ ላስረዳ ብል እዋሻለሁ። ነገር ግን መልእክተኛው በሙስሊምነቱ የሚከበርባት አገር መልእክተኛ መሆኑ ቢያንስ በሩን እንዳልዘጋው ግልጽ ነው።

የቦሩ ሜዳ ጥላ በዚህ አላበቃም። የራስ ሚካኤል ልጅ፣ የምኒልክ የልጅ ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን የወረዱት «ሰልመዋል» ተብለው ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እየተካሄደ ስለነበር የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ሌጋሲዮኖች (የዲፕሎማሲ ጽሕፈት ቤቶች) ኢያሱ ከቱርክ ጋር ይወግናሉ ብለው ገፍተውበታል። ይህ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል፤ እዚህ አልገባበትም።

ዛሬ

የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ አሁንም ይሠራል። የዓባይ ግድብ ጉዳይ ሲያነጋግር፣ በ2007 ዓ.ም. አቡነ ማትያስ ግብፅን ጎበኙ። በ2008 ዓ.ም. ለመስቀል ደግሞ የግብፁ ፖፕ ታዋድሮስ አዲስ አበባ መጡ። ግድቡ በዚህ አልተፈታም። ግን በሁለት ሕዝቦች መካከል ያለው ወሬ ከጠብ ውጭ ሌላ ቃልም እንዲኖረው አድርጓል።

ከሱዳን ጋር ያለውስ? በኅዳር 2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ሁለቱ አገሮች ወደሚወዛገቡበት የድንበር እርሻ መሬት ወደ አል ፋሽቃ ሲገባ በአብዛኛው የሰማነው ስለ ጦርና ስለ ካርታ ነው። ጉዳዩ የመሬትና የገበሬ ስለሆነ ካርታው ያስፈልጋል። ነገር ግን ድንበሩ በሁለቱም በኩል የቃዲሪያ ሰው አለበት። መውሊድ ሲሆን የወሎውን የመውሊድ ስፍራ ጀማ ንጉሥን የሚያውቅ፣ የሱዳን ሼሆችን ስም በዱዓው የሚያነሳ የወሎ ሰው ዛሬም አለ። የጎንደርና የመተማ ካህናትም ድንበሩን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል።

የኢትዮጵያ የድንበር ኮሚቴ ሲዋቀር ቀያሹና የጦር መኮንኑ ብቻ መቀመጥ የለባቸውም። ከወሎና ከጎንደር ሼሆችና ካህናት አብረው ይቀመጡ። እንደ ፎቶ ማድመቂያ ሳይሆን ደም የተቃቡ ገበሬዎችን የሚያስታርቅ ሥልጣን ተሰጥቷቸው ይቀመጡ። ከወዲያም በኩል የሱዳን ጠሪቃ ሼሆች ይጠሩ። በሬ የተወሰደበት የኢትዮጵያ ገበሬና ማሳው የታረሰበት የሱዳን ገበሬ የሚነጋገሩት መጀመሪያ በእነዚህ ሰዎች ፊት ይሁን። ካሳው ይቆረጥ፣ ዱዓው ይደረግ። የካርታው ሥራ ከዚያ ይቀጥላል።